የዝሆን ጆሮዋ ልጆች

የባሌ የዘርጋው መርዶ የደረሰኝ በኅዳር ወር፣ ውርጩ የደብረ ብርሃንን ሣር አንጥቶ ባደረበት ማለዳ ነው። በራችን ሲንኳኳ ወተት የምታመጣልን ሴት መስላኝ ጆጉን ይዤ ወጣሁ። በደጅ የቆሙት ግን የባሌ ታናሽ ወንድም፣ የእድራችን ዳኛና ጥቂት ጎረቤቶች ነበሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እንደምን አደርሽ ያለኝ የለም። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ገብተን እንቀመጥ አሉኝ። እኔ ከደጃፉ አልተንቀሳቀስኩም። «መቼ ነው?» አልኳቸው። ማን እንደሞተ አልጠየቅኩም።

ዘርጋው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በዚያ ሳምንት ወደ ቴፒ ወርዶ ነበር። ደውሎ ትኩሳት ቢጤ እንደያዘው፣ መድኃኒት እንደወሰደና እንዳላስብ ነግሮኝ ነበር። ዘመዶቹ ወሬውን የሰሙት ማታውኑ ነው። እንደ አገራችን ልማድ ግን ሌሊቱን ዝም ብለው እስኪነጋ ጠበቁ። ብዙ ሴቶች ቶሎ ስላልተነገራቸው ሲቆጡ ሰምቻለሁ። እኔ አልተቆጣሁም። እሱ ካረፈ በኋላ አንድ ሌሊት ባለባል ሆኜ ተኝቻለሁ። ስለዚያች ሌሊት አመሰግናቸዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ለማስታወስ ነው። የሞቱን ቀን ለማስታወስ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ያ ቀን ራሱ አይለቀኝም። ሳላውቀው የሚሸሸኝ ሌላው ነው፦ አነጋገሩ፣ ሳቁ፣ ከመንገድ ሲመለስ የሚያወራልኝ ታሪክ። ከእነዚህ ታሪኮች አንዱን ልጄ ጥያቄ በጠየቀችኝ ቀን ነገርኳት። አሁን እንደነገርኳት አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሌላው ሹፌር ከቆላ ሲመለስ ከሰልና ማንጎ ይዞ ይመጣል። የእኔ ባል የሚያመጣው ቅጠል ነበር። ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ከጎኑ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጠዋል። ረዳቱ ከኋላ ጭነቱ ላይ ይሄድና ቅጠሉ በወንበር ይመጣል እያሉ ጓደኞቹ ያሙት ነበር። እሱም ቅጠል መንገድ ላይ ሻይ ግዛልኝ አይልም ብሎ ይመልስላቸዋል። ቤታችን በዱቄት ወተት ቆርቆሮና በተቆረጠ ጀሪካን የተተከለ የቆላ ተክል ሞላ። ውርጭ እንዳያገኛቸው ሁሉንም ከቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ደርድሮ ያኖራቸው ነበር።

አንድ ልጅ አለችን፣ ውዳላት። የላቦራቶሪ ትምህርት ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። የአባቷ ሰማንያ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከአርባ ምንጭ ተደወለላት። አንድ ሆስፒታል ሥራ ሰጥቷታል፤ በወሩ መጨረሻ ካልገባች ግን ለሌላ ይሰጡታል። ውዳላት ስልኩን ዘግታ ለእኔ ነገረችኝና ሽንኩርት ወደ መክተፉ ተመለሰች።

ወሬው የባሌ ታላቅ እህት እትዬ አበቡ ዘንድ ደረሰ። እትዬ አበቡ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። መጥተው ከመደቡ ላይ ተቀመጡና ልጅቷ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ጋውን ለብሳ ልትዞር ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አፈሩ እንኳ አልደረቀም አሉኝ። እናትን በኀዘን ቤት ብቻዋን ጥሎ መሄድ ምን ይባላል አሉኝ። እኔ አቀርቅሬ ሰማኋቸው። እውነቱን ለመናገር የሳቸው ቃል አላስከፋኝም። ከቀብሩ ወዲህ እኔና ውዳላት የምንተኛው በአንድ አልጋ ነው። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምዳብሰው እጇን ነው። እንድትቀር እኔም እፈልግ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ከዘርጋው ተክሎች አንዱ የዛገ ቆርቆሮውን በሥር ሞልቶ ስለቀደደው ወደ ሌላ ልናዛውረው ጆንያ ዘርግተን ገለበጥነው። ትልልቅ ቅጠል ያለው፣ ሰው የዝሆን ጆሮ የሚለው ዓይነት ነው። ከሥሮቹ መካከል ቡናማ ቅርፊት የለበሱ፣ ሽምብራ የሚያካክሉ ድብልብል ነገሮች ታዩ። ውዳላት በጣቷ ነካ አደረገችና ተባይ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አባትሽ የሥር ፍሬ ይላቸው ነበር፣ የተክሏ ልጆች ናቸው አልኳት። አፈሩን ከሥሮቹ ማራገፍ ቀጠለች። ቀና ሳትል ነው የጠየቀችኝ።

«እማ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ብሄድ አባዬን ትቼው መሄዴ አይደለም? አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ቅሪ ብላት ትቀር ነበር፤ ደግሞም ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ነገር ግን ዓይኔ ከእነዚያ ድብልብሎች ላይ አልነሣ አለና የዘርጋው ታሪክ ትዝ አለኝ። ስሚኝ ብዬ እንዲህ ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። የሚኖረው እንደ እኛው ደጋ ነው። ሚስቱ ሞታ ብቻውን ቀርቷል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ከቆላ የመጣ አንድ የዝሆን ጆሮ በቆርቆሮ ተክላ ነበር። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ጅማቶቹ በኖራ የተሰመሩ ይመስላሉ። ቤታቸው የመጣ እንግዳ ሁሉ ከሰዎቹ በፊት እሱን ያደንቅ ነበር።

ሴትዮዋ ከሞተች በኋላ ሰውየው ተክሏን ጠዋት ጠዋት ያጠጣል። ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። ለሥራ ሲወጣ ደኅና ዋይ ይላታል። ይህን ሁሉ እያደረገላት አዲስ የምታወጣው ቅጠል ከቀድሞው እያነሰ ሄደ። ከዚያም ጠርዙ ቢጫ ሆነ። ሰውየው ውሃ አንሷት ነው ብሎ ጨመረላት።

የሟቿ ታናሽ እህት አልፎ አልፎ እየመጣች ትጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ቆርቆሮውን ነካ ነካ አድርጋ በሥር ተጨናንቋል አለችው። ገልብጠን እንየው፤ ከሥሯ ልጆች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ እነሱንም ለየብቻ እንትከላቸው፣ እሷም ትተንፍስ አለችው። ሰውየው ከለከላት።

«ይህን አፈር የሞላችው እሷ ናት፣ በእጇ። አይነካም» አላት።

«ጋሼ፣ እኔንም እኮ በእጇ ነው ያሳደገችኝ» አለችው። «ፀጉሬን ስትሠራኝ የነበረችው እሷ ናት። እንግዲያው እኔንም ቆርቆሮ ውስጥ ክተተኝና ጠዋት ጠዋት አጠጣኝ።»

ሰውየው ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። ተክሏን ግን አላስነካም።

እዚህ ላይ ውዳላትም ፈገግ አለች። አባዬ ይህቺን ሴትዮ ራሱ ሳይፈጥራት አይቀርም አለችኝ። አላውቅም አልኳትና ቀጠልኩ።

ክረምት ገባ። ደጋ ላይ በክረምት የቤት ውስጥ አፈር ቶሎ አይደርቅም። ሰውየው ግን ማጠጣቱን አልተወም። ተክሏ ትጠማለች ብሎ ብቻ አልነበረም። ማጠጣቱ ከሚስቱ ጋር የሚነጋገርበት ሆኖበት ነበር፤ ያንን ካቆመ የሚነጋገርበት የለውም። አንድ ጠዋት ቅጠሏን ሲወለውል ግንዷ ከእጁ ላይ ለስልሶ ዘንበል አለ። የበሰበሰ ነገር ሸተተው።

ቆርቆሮውን አቅፎ ከወለሉ ላይ ተቀመጠ። ለሥራ የሚወጣበት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ተነሣና ጋዜጣ ዘርግቶ፣ አይነካም ያለውን አፈር በገዛ እጁ ገለበጠው።

እናቲቱ እስከ ሥሯ በስብሳለች። በሥሮቹ መካከል እንደነዚህ ያሉ ብዙ ድብልብሎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሲነካቸው ከእናታቸው ጋር ፈሰሱ። ጥቂቶቹ ግን ከቡናማው ቅርፊት ሥር ጠንካራ ነበሩ። ሰውየው እነሱን በመዳፉ ይዞ የሚስቱን እህት ጠራት። መጣች። ብዬህ ነበር አላለችውም። አጠገቡ ተንበርክካ አፈሩን አብራው ፈተሸች።

እነዚህ ከመቼ ጀምሮ እዚህ አሉ ብሎ ጠየቃት። እህቴ ካለችበት ጊዜ ጀምሮ ይሆናል አለችው። ታዲያ ስለምን አልበቀሉም አላት።

«ከእናታቸው ሥር ላይ እስካሉ ይተኛሉ» አለችው። «የሚበሉት ይመጣላቸዋል፤ ምን ያስነሣቸዋል? የሚነቁት ሲላቀቁ ነው። የመጀመሪያዋን ቅጠል የሚያወጡበትን ስንቅ ግን ራሷ እናታቸው አስቀድማ ከሆዳቸው አኑራላቸዋለች።»

ከዚያ በኋላ ሥራውን አሳየችው። ቅርፊታቸውን በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ላጠች። ሰጋቱራ አርጥባ፣ ውሃው እስኪያቆም ጨመቀችና በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ጎዘጎዘችው። ፍሬዎቹን ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ በላዩ አስቀመጠች። በሌላ ፕላስቲክ ከደነችና ከፍሪጁ አናት ላይ፣ ሞቅ ከሚለው ከኋላው በኩል አኖረችው። ሰውየው ውሃውን ለመጨመር ጆግ ሲያነሣ እጁን ያዘችው። መርጠብ ሌላ፣ መስጠም ሌላ ነው አለችው።

ሰውየው መጠበቅ አልሆነለትም። በወጣ በገባ ቁጥር ክዳኑን እየከፈተ ያያል። አንዷንማ ሥር አውጥታ እንደሆነ ብሎ አንሥቶ ገለበጣት። እህትየዋ ይህን ባወቀች ጊዜ ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው። በዓይንህ ብቻ እይ አለችው።

እንደዚያ ሆኖ ሰነበተ። አንድ ቀን በፕላስቲኩ ውስጥ ነጭ ሥር ታየ። ቆይቶም ከአንዷ ጫፍ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ወጣ፣ ተዘረጋም። ቅጠሉ ከጥፍር አይበልጥም። ነጭ ጅማት የለውም። ከማንኛውም አረም የሚለየው ነገር የለም። ሰውየው አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ይህ የእሷ አይደለም» አለ።

እህትየዋ «ሕፃን ከነጢሙ ይወለዳል እንዴ?» አለችው።

ወደ አፈር አዛወሯቸው። ቅጠል በቅጠል ላይ ሲጨምር፣ ከአንደኛው መሐል ቀጭን ነጭ መስመር ታየ። ከዚያ ጎኖቹ ተሰመሩ። የሚስቱ ተክል ናት። ሰውየው አንዷን ለእህትየዋ ሰጣት፤ ሌሎቹንም ለጎረቤትና ለዘመድ ሰጠ። ለራሱም አንዷን አስቀረ።

ታሪኩ ይኸው ነው አልኳት ልጄን።

ውዳላት ተክሉን ከነሥሩ በጭኗ ላይ አድርጋ ስትሰማኝ ነበር። ደስ ያላት አልመሰለኝም።

«እናቲቱስ?» አለችኝ። «አልተረፈችም?»

«አልተረፈችም።»

«እና ይህን ነው የምትነግሪኝ? ልሂድና አንቺ…»

አላስጨረስኳትም። እጄ አፈር ስለነበረ በክንዴ አቀፍኳት።

«ውዳላቴ፣ እናቲቱ የሞተችው ልጆቿ ስለተለዩዋት አይደለም» አልኳት። «አንድም አልተለያትም ነበር። ሁሉም ከሥሯ ተያይዘው ሳሉ ነው የበሰበሰችው። ሰውየው ያኔ እህትየዋን ቢሰማ ኖሮ እሷም ትተርፍ ነበር፤ ቦታ ይሰፋላት ነበር፣ አዲስ አፈር ታገኝ ነበር። ዘገየባት እንጂ። እኔ ያቺ እናት ነኝ፤ አንቺ ደግሞ ከሥሬ የተያያዝሽው ፍሬ ነሽ። ቆርቆሮው ይህ ቤት ነው። ውሃው ልቅሷችን ነው። እኔ አንቺን አይቼ አለቅሳለሁ፤ አንቺ እኔን አይተሽ ታለቅሻለሽ፤ ሁለታችንም ፍቅር ነው እንላለን። ፍቅርም ነው። ሰውየውም ሲያጠጣ ወዶ ነው። አባዬን ትቼው መሄዴ አይደለም ወይ ላልሽኝ፣ አባትሽ ለአንቺ የሰጠው በዚህ ቤት የቀረ አይምሰልሽ። ከሆድሽ ነው ያኖረልሽ። ሲያስተምርሽ፣ ሲያስቅሽ፣ ከመንገድ እየደወለ በላሽ ወይ ሲልሽ፣ ስንቅ ሲያኖርልሽ ነበር። እዚህ አጠገቤ ብትተኚ ያ ስንቅ ቅጠል አያወጣም። መጀመሪያ የምታወጪው ትንሽ ነገር ይሆናል። እዚያ ማንም አያውቅሽም፤ ወጥ ታሳርሪያለሽ፤ ይህ የዘርጋው ልጅ ሥራ አይደለም ብለሽ ታፍሪ ይሆናል። አትፈሪ። መስመሩ በኋላ ይመጣል።»

 እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ «ተክል ግን አይናፍቅም እማ» አለችኝ።

«አይናፍቅም። እኛ እንናፍቃለን። ስልክ የተሠራው ለዚህ ነው።»

«አንቺ እኮ ስልክ አታነሺም። ቦርሳሽ ውስጥ ነው የሚጮኸው።»

«አነሣለሁ» አልኳት።

ከዚያ ከሥሮቹ መካከል ጠንከር ያለችውን መርጣ በሁለት ጣቷ ያዘቻት። ትንሽ አመነታች። ጎተት ስታደርጋት ብዙም ሳትታገል ተላቀቀች። ውዳላት በመዳፏ ላይ አድርጋ አየቻትና ለካ አያማትም አለች። እኔን ግን ያመኛል ልላት ነበር፤ ተውኩት። ያንን ሳልነግራትም ታውቃለች።

እትዬ አበቡን ሄጄ እኔው ነገርኳቸው። ልጅቷ የምትሄደው በእኔ ፈቃድ መሆኑን፣ ጥቁሯን ከጋውኑ ሥር እንደምትለብስ፣ ለሙት ዓመቱም እንደምትመጣ ነገርኳቸው። ታሪኩንም አወራሁላቸው። የሰው ልጅ ቅጠል አይደለም አሉኝ፤ አኩርፈው ሸኙኝ። ውዳላት በሄደችበት ጠዋት ግን ከመናኸሪያው ቀድመውን ቆመው አገኘናቸው። ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም። የልጅቷን ግንባር ሳሙ፣ ከነጠላቸው ሥር አንድ ቋጠሮ ቆሎ አውጥተው ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱ። የወንድሜ ልጅ በመንገድ አይራባት አሉ። አውቶቡሱ ሲወጣ ሁለታችንም እጃችንን አነሣን። ስንመለስ እጄን ይዘውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ። ቦታ ይሰፋላት ነበር ብዬ ለልጄ ስነግራት የቀለለ ነገር መስሎ ሊሆን ይችላል። ቀላል አይደለም። ሰፊ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ የሚጎድልበት ሰዓት አለ፤ ይልቁንም ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትወርድ። ያን ጊዜ ይህን እጽፋለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ከጎረቤቶቼ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀምሬአለሁ። ውዳላት ማታ ማታ ትደውላለች። በማጉያ መነጽሩ ውስጥ ያየችውን የሰው ደም ታወራልኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት የሆነ ዕቃ ሰብራ አልቅሳ ነበር። ትናንት ደግሞ አንድ የወባ በሽተኛ በሽታው በጊዜ ተገኝቶለት መዳኑን ስትነግረኝ ድምፅዋ ላይ አባቷን ሰማሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ባሌን ሰው የሚያውቀው ዘርጋው ብሎ ነው። በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራው ግን በክርስትና ስሙ፣ ወልደ ሰንበት ተብሎ ነው። የእናንተም የሞቱባችሁ ይኖራሉ። እነሱን በጸሎት ስትጠሩ ከመጨረሻቸው አስከትላችሁ እሱን ጥሩልኝ። ዕድሜውን በመንገድ ያሳለፈ ሰው ነው። ከደጅህ ደርሷልና አስገባው፣ አሳርፈው በሉልኝ።